ወይጦ እንዲሞላ የጸለይኩ ጊዜ

የወይጦ ወንዝ ሞልቷል አሉ። ከቀይ አፈር የገባ የጭነት መኪና ረዳት ነው የተናገረው። ስለዚህ ዛሬም አልሄድንም። ትናንት ያሰርኩት ጓዝ እንደታሰረ በር ሥር ተቀምጧል። ልጄ ምሕረት ጥቁር ሻሿን አስራ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ "እማ፣ ነገስ ይጎድል ይሆን?" ትለኛለች። ስለ ወይጦ እኔን ባትጠይቀኝ ነበር የሚሻለው።

የምንሄደው አርባ ምንጭ ለለቅሶ ነው። ቅዳሜ ገበያ ከዚያ ወገን ጋቢ ልትሸጥ ከመጣች ሴት ጋር ዋጋ ስንከራከር፣ ጨዋታ አንስታ፣ "ያቺ የፋብሪካ ሠራተኛ እንዴት እንደሚውል እያየች ትዞር የነበረችው አማረች እኮ አረፈች። እዚህም አገራችሁ መጥታ ነበር አሉ፤ ታውቂያታለሽ?" አለችኝ። የያዝኩትን ጋቢ መልሼ አስቀመጥኩ። አውቃታለሁ እንኳ አላልኩም። ከአፌ የሚወጣ ነገር ሁሉ ዞሮ ልጆቼን የሚነካ ስለሚመስለኝ ዝም ማለት ይቀናኛል። የአውሮፕላን ሜዳውን አቋርጬ ስመለስ ሣሩን የሚግጡት ከብቶች ቀና ብለው ያዩኝ መሰለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢጣመም እለፉት። ሰው ስለማይረሳው ሰው ሲጽፍ ደስ እያለው ነው የሚጽፈው። እኔ አማረችን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ዕፍረት ነው።

ያኔ በጂንካ የሴቶች ስፌት ማኅበር ውስጥ እሠራ ነበር። እኛ "ፋብሪካው" እንለው ነበር እንጂ አንድ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የካኪ ሱሪ፣ የሆስፒታል አንሶላ እንሰፋለን። በእግር የሚረገጠው መኪና በሙሉ አንድ ላይ ሲነሳ በቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል። የከሰል ካውያው ከወዲያ ይጨሳል፤ የካኪው ብናኝ ከወዲህ ጉሮሮ ይዘጋል። መስኮቶቹ በሚስማር ተመትተው ነበር፤ ሌባ እንዳይገባ ተብሎ።

ከዓመት በፊት ለማኅበሩ እርዳታ መጥቶ ነበር። "የሥራ ሁኔታ ማሻሻያ" ይሉታል። መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች መጡ። የሕፃናት መዋያ አንድ ክፍል ተሠራ። እናት ቀኑን በሁለት ከፍላ ወጥታ እንድታጠባም ተፈቀደ። ተመረቀ፤ ተጨበጨበ። ወዲያው ወንበሮቹ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሄዱ። መዋያው ውስጥ የካኪ ጣቃ ተከመረ፤ የሊቀመንበሩ የጓድ ታፈሰ ሞተር ብስክሌትም ከዝናብ ተጠለለበት። ማጥባቱን ማንም አላነሳውም።

ምሕረት ያኔ ገና ዳዴ ማለት የጀመረች ሕፃን ነበረች። አባቷ ኦሞ ወዲያ ለመንገድ ሥራ ሄዶ ነበር። እኔ ወደ ሥራ ስሄድ ወገቧን በመቀነት ከአልጋው እግር ጋር አስሬ፣ ፊቷ የተቀቀለ ጎደሬ አስቀምጬ፣ በሩን ዘግቼባት እወጣለሁ። አንዲት ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ጎረቤት አልፎ አልፎ ብቅ ይሉላታል። እሳት ባይኖርም፣ መቀነቱ አንገቷ ላይ ቢዞርስ እያልኩ ነው ቀኑን የምረግጠው። ጡቴ ሲሞላ ጨርቅ እጎዘጉዝበታለሁ። ያልፋል።

አንድ ቀን ጓድ ታፈሰ መኪናዎቹን አስቁሞ ተናገረ። "ከክፍለ ሀገር አንድ ገምጋሚ ትመጣለች። ማሻሻያው ለውጥ አመጣ አላመጣም ብላ ነው የምታየው። ገመናችንን ለእንግዳ የሚገልጥ ሰው እንዳይኖር! ልጅ ያላት ልጇን ይዛ ትምጣ። የሌላት ከጎረቤት ተበድራ ትምጣ!"

ከጎኔ የምትሰፋው ማርታ የአሪ ልጅ ናት። አፏ አርፎ አያውቅም። "ጓድ ሊቀመንበር፣ የተበደርኩት ልጅ ቢያራብኝስ? አጥቤ ልመልስ ወይስ እንዳለ?" አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ቀበሌው ውስጥ ማን ለዘመቻ እንደሚሄድ ማን እንደሚቀር የሚናገረው እሱ ስለነበረ የእኛም ሳቅ ቶሎ ሞተ።

አትፍረዱብን። በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ የሌለ ይበደሩለታል። የጎረቤት ትራስ፣ የጎረቤት ድስት፣ ለሠርግ ከሆነ የጎረቤት ጫማ። ልጅ መበደር ያው መስሎን ነበር።

አማረች በጭነት መኪና ጋቢና መጣች። ወጣት ናት፤ ከእኔ ታንሳለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽቅብ የምታይ። በር ላይ ጫማዋን አወለቀች። ታፈሰ፣ "ኧረ ጓድ አማረች፣ አያስፈልግም!" ሲላት፣ "ወለሉን ዐይኔ አያውቀውም፣ እግሬ ነው የሚያውቀው" ብላ በባዶ እግሯ ገባች። ለእሷ ሲባል ከተመለሱት ወንበሮች ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች፣ ሴቲቱን አስነስታ፣ በሙቀቷ ላይ ራሷ ትቀመጣለች። መርገጫውን ትረግጣለች። መስፋት አትችልም፤ ክር እየበጠሰች ትስቃለች። ስትስቅ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። "ጓድ አትበሉኝ፤ አማረች በሉኝ፤ አንቺ በሉኝ" ስትል ማርታ ወዲያው "እሺ አንቺ" አለቻት። እኔ እስከ መጨረሻው ፊቷ እርስዎ እንዳልኳት ቀረሁ። በልቤ ብቻ ነው አንቺ የምላት።

ከዚያ መዋያውን ልታይ ሄደች። ጣቃው ወጥቷል፤ ሞተሩ ወጥቷል፤ ሰሌን ተነጥፏል። ልጆቹ አዲስ ለብሰው፣ ቅባት ጠጥተው ተደርድረዋል። እናቶቻቸው በሩን ተሻግረው ሲወጡ ግን ሁሉም በአንድ አፍ ጮኹ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። የራሳችንም የተበደርናቸውም፣ ቤቱን አያውቁት፣ አንዱ አንዱን አያውቀው። ምሕረት በሩን በጥፍሯ ትቧጥጣለች።

አማረች ጎንበስ ብላ ሰሌኑን ገለጥ አደረገች። ወለሉን በጣቷ ነካችና አሸተተችው።

"ጓድ ታፈሰ፣ የዚህ አገር ልጆች ቤንዚን ነው እንዴ የሚጠቡት?"

"ለትኋን ነው! ለጽዳት!"

"ጎበዝ" አለች።

ከሰዓት በኋላ እኔን ከግቢው ዋርካ ሥር ጠራችኝ።  መልሴን አጥንቼ ነበር፦ መዋያው ጥሩ ነው፣ ወንበሩ ጥሩ ነው፣ መንግሥት ይመስገን። አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"መልስ አልፈልግም፣ እህቴ። ውሎሽን ንገሪኝ። ከእንቅልፍ ከተነሳሽበት ጀምረሽ።"

ውሎ መናገር ምን ያስፈራል? ነገርኳት። ውሃ ከነሪ ወንዝ እንደምቀዳ፣ ጎደሬ እንደምጥድ፣ በአውሮፕላን ሜዳው በኩል እንደምመጣ፣ ጀርባዬ ቀትር ላይ እንደሚቆርጠኝ፣ ስመለስ እንጨት ለቅሜ እንደምገባ። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"በውሎሽ ውስጥ ልጅሽ የለችም" አለችኝ።

 ታፈሰ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ያየናል። ቀን ትምህርት ቤት የሚውለው ትልቁ ልጄ ቁመቱ ከዕድሜው ቀድሞ የመዘዘ ነው፤ ለዘመቻ ሲመለምሉ ቁመት እንጂ ዕድሜ አይጠይቁም ሲባል እሰማለሁ።  መሬቱን አየሁ።

"ተይው" አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ጓድ ታፈሰ! ልጆቹ ነገም ይመጣሉ አይደል?"

"ኧረ ዘወትር ነው!"

"እንግዲያው ነገም አያቸዋለሁ።"

በማግሥቱ መጣች። የዚያኑ ማግሥትም። ሊመልሳት የመጣው መኪና ሲሄድ፣ "ሥራዬን አልጨረስኩም" አለች። ሌላ መኪና ሲገኝ፣ "መስኮቶቹን አላየሁም" አለች። መስኮቶቹ ሚስማራቸው ተነቀለ። ወንበሮቹን ቁጭ ብላ ለመሞከር ሳምንት ያስፈልጋል አለች። እሷ በግቢው እስካለች ድረስ ሞተር ብስክሌቱ ዝናብ ይመታዋል፤ ልጆቹ ሰሌኑ ላይ ናቸው፤ እኛም ደወል ሲደወል ወጥተን እናጠባለን። ማርታ፣ "ይቺ ሴትዮ ልታገባን ነው እንዴ የመጣችው?" ትል ነበር። እሷ ራሷ ማርታ ግን የተበደረችውን ልጅ መልሳ የገዛ እህቷን ልጅ ታመጣ ጀመር፤ እህቷ እርሻ ስትውል የሚይዝላት አልነበረምና።

ልጆቹ ሲያለቅሱ አማረች አንድ ነገር ታደርጋለች። ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳውን ትጠጋለች። መጀመሪያ ለቅሶው የሰለቻት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ምሕረት እንደ ልማዷ ስትጮህ አማረች ከፊቴ ነበረች። የሸሚዟ ደረት ላይ ሁለት ቦታ ሲረጥብ አየሁ። ቶሎ ብላ ነጠላዋን ሳበች። ስትስቅም እጇን ደረቷ ላይ የምታደርገው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እናት ለሆነች ሴት ይሄ ማስረጃ አያሻውም። ጡት የምትጠባ ልጅ ትታ ነው የመጣችው።

እንስራ አጠገብ ለብቻዋ ሳገኛት፣ "ልጅዎ ስንት ወሩ ነው?" አልኳት። አልደነገጠችም። "ከአንቺዋ ትንሽ ታንሳለች። ሰላም ትባላለች። ጎረቤቴ ይዛልኛለች" አለችኝ። "መሥሪያ ቤት ልጅ ይዞ መውጣት አይፈቅድም። የእናቶችን ማጥቢያ ገምግሚ ብለው ላኩኝ፤ የእኔን ግን ማንም አልገመገመውም።" ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አዞረችና ወደ አዳራሹ ጀርባ ሄደች፤ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወተቱን ልታልበው ነው፤ መሬት ላይ።

ያን ቀን ከአፌ ሊወጣ የሚገባው "በሉ ይሂዱ፣ ልጅዎ ጋ ይግቡ" ነበር። ከመናገሬ በፊት ግን የሄደች ማግሥት ታየኝ፤ ጣቃው ሲመለስ፣ ሞተሩ ሲገባ፣ እኔም መቀነቱን ከአልጋው እግር ጋር ስቋጥር። አልተናገርኩም። እንዲያውም ከዚያ የባሰ አደረግሁ።

ጸሎት ቤታችን በዚያ ሰሞን ታሽጎ ስለነበር የምንጸልየው በየቤታችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። እኔም አልጋዬ ሥር ተንበርክኬ፣ "ጌታ ሆይ፣ ወይጦን ሙላው። መኪና እንዳይሻገር ሙላው። ይቺ ሴት አትሂድ" አልኩት። ስንት ነገር ለምኜው ዝም ያለኝ ጌታ ይሄንን ሰማ። ደመናው ከማጎ በኩል ተነሳ። ዘነበ። ወይጦ ሞላ ተባለ፤ ከአርባ ምንጭ መኪና መምጣት ቀረ።

ይሂዱ ያላላት ጉሮሮዬ በደስታ ዘመረ። ይሄን ነው የማፍርበት። ሳቋ አልተለወጠም፤ እግሯ ግን ከመኪና ማቆሚያው አይጠፋም ነበር። ለሥራዋ ስትል ራሷ ፈልጋ ነው የቆየችው፤ ይሄንን አውቃለሁ። መሄድ በፈለገችበት ሰሞን ግን መንገዱን የዘጋሁባት እኔ እንደሆንኩ ነው የሚሰማኝ። ለማርታ አንድ ጊዜ ብነግራት፣ "አንቺ ማን ሆነሽ ነው ወንዝ የምትሞዪ? ክረምት ነው!" ብላ ሳቀችብኝ። ማርታ ልክ ልትሆን ትችላለች። ሸሚዙ ሲደርቅ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ልጆቹ ይጮኻሉ፤ አማረች ግድግዳውን አትጠጋም፤ ነጠላዋን አትስብም። ወተቷ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጧት ምሕረትን ሰሌኑ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ለቅሶዋን ለመስማት ቆምኩ። የለም። ሌሎቹም አላለቀሱም። አንዱ ክር ጥቅል ያንከባልላል፤ ምሕረት ትከተለዋለች። አማረች በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። ጫማዋን ስታደርግ ያየኋት ያኔ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ጫማ ስታደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወይጦ ጎድሎ የመጀመሪያዋ መኪና እንደመጣች ተሳፈረች። ማርታ በቅል ሙሉ ሸፈሮ፣ የፈላ የቡና ገለባ፣ ይዛላት ሮጠች፤ ገና ትኩስ ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ ሆና በአንድ ትንፋሽ ጠጣችና ቅሉን መለሰች። እኔ ከአዳራሹ አልወጣሁም። ዐይኗን ማየት አልቻልኩም።

ታፈሰ ሞተሩን ሊመልስ በሩን ከፈተ። ልጆቹ ውስጥ ነበሩ። አንድ ወንድ ልጅ የሞተሩን ጎማ አይቶ "እንቢ!" ብሎ ጮኸ። እናቶቹ ሁላችን መኪናችንን አቁመን ተነሳን። ማንም ንግግር አላደረገም። ቆምን ብቻ። እሱም ከፊታችን ቆሞ፣ "ደግሞ ይሄ ዝናብ ሞተሩን ዝገት አስለመደው፤ ከእንግዲህ ምን ይሆናል" ብሎ አዞረው። መዋያው እስከ ዛሬ መዋያ ነው። ምሕረት መጀመሪያ በእግሯ የሄደችው እዚያ ነው።

አማረችን አንድ ጊዜ ብቻ መልሼ አገኘኋት። ዐይኔን ለመታየት አርባ ምንጭ ሆስፒታል ስሄድ ሴቶቹ ከትርፍራፊ ጨርቅ ለሰላም ቀሚስ ሰፍተው ላኩኝ፤ ማርታም ጎደሬ ጨመረችበት። ቤቷን ጠይቄ ደረስኩ። ያለ ፈቃድ ዘግይተሻል ተብላ ከዚያ ሥራ ተነስታ ነበር፤ ሌላ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሰጥተዋታል። "መደገፊያ አለው፤ ፈትሼዋለሁ" ብላ አሳቀችኝ።

እንዴት ነው ጉዳችንን ሳይጽፉ የቀሩት አልኳት። "የለም ብዬ ብጽፍ እርዳታው ይነሳል፤ ወንበሩም መዋያውም አብሮ። አለ ብዬ ብጽፍ ሞተሩ ይመለሳል። ሁለቱም ለእናንተ አይሆንም። ስለዚህ እስኪሆን ድረስ ተቀመጥኩና፣ ከሆነ በኋላ አለ ብዬ ጻፍኩ። አልዋሸሁም።"

በዚህ መሐል አንዲት ልጅ ከጎረቤት ቤት እየሮጠች መጣች፤ ጎረቤቲቱም ከኋላዋ። ሰላም ናት። ቀሚሱን አወጣሁ። ከራሷ አለፈ፤ ትከሻዋ ላይ ተያዘ። ትልቅ ልጅ ሆናለች። እኛ ሁላችን ስንሰፋ በልባችን ያቺን የምትጠባውን ሕፃን ነበር የምንለካው፤ አንዳችንም ታድጋለች አላልንም። ልጅቷ ሳቀች፤ ወደ ጎረቤቷ ዞራ፣ "እማ፣ ተመልከቺ ጠበበኝ!" አለቻት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። "አማረች፣ ለአሻንጉሊቴ ይሁን?"

አማረች ፊቴን አይታ፣ "አዎ፣ በስሜ ነው የምትጠራኝ" አለች። "ስመለስ ጡቴን ሰጠኋት፤ ባዶ ሆነባት፤ ወደ ላም ወተት፣ ወደ ጎረቤቴ ዞረች። ግድ የለም። ሁለት እናት ያላት ልጅ ምን ይጎድላታል?" እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያን ጊዜ ደረቷ ላይ የምትሸፍነው ነገር አልነበረም። ልማድ ሆኖባት ነው።

የወይጦን ነገር ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ዝናቡን የለመንኩት እኔ ነኝ" ልላት። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ጠጣሁ፤ ሄድኩ።

እንግዲህ አሁን ሞታለች። እኔ የምፈራው ሰላምን ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ትታት የከረመችው ለምን እንደሆነ ያቺ ልጅ የሚነግራት ሰው አግኝታ ይሆን? አማረች ራሷ የነገረቻት አይመስለኝም፤ ስለ ራሷ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። የሚያውቀው የኛ አዳራሽ ነው። ከአዳራሹም ሸሚዙን ያየሁት እኔ።

ዛሬ ጧት ለምሕረት ሁሉንም ነገርኳት። አምስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ይገባታል። አዲስ ቀሚስም ሰፍቻለሁ፤ ልኩን በእሷ ላይ ነው የወሰድኩት፤ እኩያ ናቸውና።  ቀሚሱን ጭኗ ላይ እያጣጠፈች፣

"እማ፣ እኔ ሳለቅስ የሰማችኝ የሰላም እናት ነበረች ማለት ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ሰላም ስታለቅስስ ማን ሰማ?"

ቀሚሱን ከእጇ ተቀብዬ ከጓዙ ጋር አሰርኩት።

"ታዲያ ወይጦ እንዲጎድል ለምን አትጸልዪም?" አለችኝ። አልችልም አልኳት። በዚያ ወንዝ ላይ አንዴ ተሰምቶልኛል፤ ለሁለተኛ ጊዜ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። "እሺ እኔ እጸልያለሁ" ብላ ገብታ አልጋው ሥር ተንበረከከች፤ በአልጋው እግር ላይ መቀነቱ የፋቀው ምልክት ዛሬም ይታያል።

ዝናቡ አላቆመም። ረዳቱ፣ "እናቴ፣ እስከ ቀይ አፈር አደርሳችኋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወንዙ ነው የሚያውቀው" ብሏል። ጓዙን ልሸከም ተነስቻለሁ። እስከ ወይጦ ዳር እንሄዳለን። እዚያም እስኪጎድል ድረስ እንቀመጣለን።